አባቴ መኪና ማቆሚያ ያጣበት ዘመን

ጃንዋሪ 7፣ በግሪክ የጥምቀት ማግስት

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ዳፍኒ ናት። «አርጊሪስ፣ እኔ ሚስትህ ነኝ እንጂ የአቤቱታ ሳጥንህ አይደለሁም። ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ አማርር» ብላ ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። ይኸው ማማረር ጀመርኩ።

ትናንት በሜዳችን ተሸነፍን። ከጨዋታው በፊት ቄሱ መጥተው በበሶብላ ጠበል ረጭተውን ነበር። አንዷ ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ የመጀመሪያው ግብ የተቆጠረብን እሷን እየጠረግሁ ሳለ ነው። ቢያንስ ለጋዜጠኛው እንዲያ ብዬዋለሁ።

የክለባችን ስም አስትራፒ ነው፣ መብረቅ ማለት። ስም ያወጡለት ሰዎች የዘንድሮውን አጥቂያችንን አላዩትም። ከሊጉ ግርጌ ተኝተናል፣ መነሣትም ያማረን አይመስልም። እኔ አምበሉ ነኝ፣ ተከላካይ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጀርመን አገር ተጫውቻለሁ፣ ለግሪክ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፌያለሁ፤ ወደ ተወለድኩባት ወደ ማቭሮሊቲ የተመለስኩት በክብር ጫማ ልሰቅል ነው። ክብሩ እስካሁን አልተገኘም።

አባቴ አልመጣም። አባቴ ስጫወት ሊያየኝ መጥቶ አያውቅም። ይህ እኔን ምንም አይመስለኝም።

ጃንዋሪ 12

ክለቡ ቤት የዘመን መለወጫው ዳቦ ተቆረሰ። እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ቁራሽ ለክርስቶስ፣ ሁለተኛው ለእመቤታችን፣ ሦስተኛው ለክለቡ፣ ከዚያ ለእኛ። በሊጡ ውስጥ የተደበቀችው ሳንቲም የደረሰችው የዓመቱ ዕድለኛ ነው።

ሳንቲሟ ከክርስቶስ ቁራሽ ወጣች። ሁላችንም አማተብን። ፕሬዚዳንታችን ትሪፎናስ ግን ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ምን ያደርግለታል? እሱ እንደሆነ ከሊጉ አይወርድ!»

ጃንዋሪ 19፣ ቅዳሜ

እናቴ ደወለች። ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ በጨዋታ ዋዜማ፣ ውሃ ላይ ዘይት ጠብ እያደረገች የሰው ዓይን ወግቶኝ እንደሆነ ታያለች። ቤታችን ከቤቷ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። እሷ ግን በስልክ ይሻላል ትላለች፣ ጀርመን እያለሁ በስልክ ለምዳዋለች።

«ጠብ አደረግሁት» አለች።

«እሺ እማዬ።»

«ሰመጠ! ድራሹ ጠፋ! ኧረ ምን ያለ ዓይን ነው!» ከዚያ አዛጋች። ስታዛጋ ዓይኑ ከእኔ ወጣ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አዛጋች፣ እኔም ተከትዬ አዛጋሁ፣ ዳፍኒም ከሶፋው ላይ አዛጋች።

ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ወጣ? ጨርሶ ወጣ? ጠይቂው እስቲ፣ ጉልበቱ እንዴት ነው?»

«ለምን ራሱ አይጠይቀኝም?» አልኳት።

«ሥራ ላይ ነው» አለችኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምን ሥራ እንደሆነ እንጃ።

እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ዓይን ትመልሳለች የምትባለውን ሰማያዊ ዶቃ ካልሲዬ ውስጥ የምይዛት ዳፍኒ ስለሰፋችው ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 28

ትናንት አቻ ወጣን! አንድ ነጥብ። ሌሊቱን ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ አደረ።

ጠዋት ስቴርጊዮስ ቡና ቤት ገባሁ። ስቴርጊዮስ እንግዳ ባየ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ኩብ ስኳር ይደረድራል። ለብሔራዊ ቡድን ስንት ጊዜ ተሰልፌያለሁ፣ ስንቱ አጥቂ እግሬ ሥር አልቅሷል። ስቴርጊዮስ ስኳር የሚደረድረው ግን በገዛ መረባችን ላይ ላስቆጠርኳት ለዚያች ለአንዷ ኳስ ነው። ዛሬም አንድ የመድኃኒት ሻጭ ይዞ ሲያስረዳ ደረስኩ።

«ይሄ በረኛው ነው። ይሄ ትልቁ አርጊሪስ ነው። ኳሷ ከዚህ ትመጣለች፤ አርጊሪስ ጭንቅላቱን እንዲህ ያደርጋል...»

«ስቴርጊዮስ፣ እዚሁ ነኝ እኮ።»

«አየሁህ። ብሳሳት እንድታርመኝ ነው።»

አባቴ ጥጉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ መቁጠሪያውን ያንቀጫቅጫል። ያ ወንበር የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፣ እሱም ሌላ ቦታ አይቀመጥም። የአባቴ ዓይኖች ሰማያዊ ናቸው፣ ዓይኑም ከባድ ነው ይባላል። የጎረቤታችንን በቅሎ «ምን ያለች ቆንጆ ናት» ባለ በሳልስቱ ሞተች። የስቴርጊዮስን አዲስ ቴሌቪዥን «ጥራቱ!» ብሎ ሳይጨርስ ጭስ ወጣው። የከንቲባውንም ፀጉር አድንቋል ይላሉ። ከንቲባው ዛሬ ራሰ በራ ነው፣ ያኛው ግን ዕድሜም ሊሆን ይችላል። ሰው ይስቅበታል፣ ሙሽራ ይዞ ሲያልፍ ግን በሌላ መንገድ ነው።

«አባዬ፣ አቻ ወጣን» አልኩት።

«ሰማሁ። እንደ ታሰረ አህያ ስትንደፋደፍ ዋልክ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሬዲዮው።»

ሬዲዮውን ዳፍኒም ሰምታዋለች። «አርጊሪስ ዛሬ ድንቅ ነው» ነበር ያለው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የአባቴ ጆሮ እየደከመ ነው መሰለኝ።

ፌብሩዋሪ 10

ተሸነፍን። ዝናብ። እኔ ዘገየሁ፣ እነሱ አገቡ። ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስወጣ በር ጠባቂው ፋኒስ ያዘኝ።

«አርጊሪስ፣ ስለ እግዚአብሔር አባትህን አንድ በልልኝ! ያቺን ፒክአፕ እሑድ በመጣ ቁጥር የአምቡላንስ መውጫው ላይ ይገትራታል!»

«አባቴ? እዚህ ምን ሊሠራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብርቱካን ጭኗል።»

ለካ እኔ ስጫወት እሱ ለተመልካች ብርቱካን ሊሸጥ ይመጣል! ልጁ ሜዳ ላይ በሰው ሲረገጥ፣ አባት ከአጥሩ ወዲያ ገበያ ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ደግሞም ነጋዴነቱ ራሱ አያምርም፤ ፋኒስ አንድም ሲሸጥ አላየሁም ይላል። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮ ይሰማል አለኝ። መስኮት ዘግቶ የሚነገድ ንግድ ምን ዓይነት ነው?

ፌብሩዋሪ 17

ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ! እኔን! አሰልጣኛችን ኢዮርዳኒስ ስፖርት በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር በኮምፒዩተር ይለካል። «ኮምፒዩተሩ ደክመሃል ይላል» አለኝ። «ኮምፒዩተሩ ይግባና ይጫወት» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። በኋላ መሳቃቸው ደስ አላለኝም፣ እንደዚያ መመለስ አልነበረብኝም። አምበል ነኝ።

ያለ እኔ አሸነፉ። በጣም ደስ ብሎኛል። በጣም።

ማርች 9

ከጨዋታ መልስ ሁሉም ተኝቷል፣ እኔ ብቻ ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፍኩት አቴንስ ነው። አባቴና እናቴ ከዚህ ድረስ በዚያችው ፒክአፕ መጡ። እናቴ ለበዓል የሠራችውን ቀሚስ ለብሳለች፣ አባቴ ለሠርጉ የገዛውን ኮት። ስታዲየሙ በር ላይ እናቴን አወረዳትና «አንቺ ግቢ፣ እኔ መኪናዋን አቁሜ መጣሁ» አላት። መዝሙሩ ተዘመረ፣ አልመጣም። እረፍት ሆነ፣ አልመጣም። ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። «አቴንስ የሚሉት አገር መኪና ማቆሚያ የለውም» አለ። እኔ ማልያዬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ላበረክትለት። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ በላስቲክ ጠቀለለውና ከወንበሩ ሥር ከተተው። «በል ግባ፣ ይበርድሃል» አለኝ። የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

ጀርመን ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ ደግሞ ሆዱን አመመው። ጨዋታው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ደህና ነበር፣ እሑድም ደህና ነበር።

ሌሎቹ ተጫዋቾች አባቶቻቸው ስታዲየም ድረስ እየመጡ ዳኛ ይሰድቡላቸዋል። የአንዱ አባት እንዲያውም ሜዳ ገብቶ የመስመር ዳኛውን በጃንጥላ አሯሯጠው። ልጁ አፍሮ ሊሞት ደረሰ። እኔ ቀናሁበት።

ምንም አይመስለኝም ብያለሁ፣ አይመስለኝምም። ይህን ያህል የጻፍኩት እስክሪብቶው ጥሩ ስለሆነ ነው።

ማርች 30

አሸነፍን። ኢዮርዳኒስ ኮምፒዩተሩ ሐሳቡን ቀየረ አለ። ሙሉውን ተጫወትኩ።

ኤፕሪል 13

አቻ። ታፋ፣ ጉልበት፣ ወገብ፤ ሁሉም በየፊናው ይጮኻል። ለዳፍኒ ነገርኳት፣ በዚህ ዓመት አቆማለሁ። «እግርህ ከነገረህ ቆይቷል፣ አንተ ነህ ያልሰማኸው» አለችኝ። የመጨረሻ ጨዋታዬ ሜይ 11 ይሆናል፣ በሜዳችን፣ ኔሆሪ ከሚባለው ቡድን ጋር። አቻ ከወጣን ከመውረድ እንተርፋለን።

አባቴን አልጠራውም። ለምን እጠራዋለሁ? ብርቱካኑን ይሽጥ።

ኤፕሪል 27፣ ፋሲካ

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

አባቴ ግቢ ውስጥ ጠቦቱን ፍም ላይ ያሽከረክራል፤ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም፣ ጠቦቱ እንዳያርበት ይሆናል። ትሪፎናስ አንድ ጠርሙስ ጺፑሮ አረቄ ታቅፎ፣ ኢዮርዳኒስን አስከትሎ ከች አለ። ትሪፎናስ የብርቱካን ማቀዝቀዣ መጋዘን ያለው ሰው ነው፣ አባቴን የሚያገኘው ስለ ብርቱካን ሲጨቃጨቁ ብቻ ነበር።

«ባርባ ፖሊዞይስ፣ ክርስቶስ ተነሣ!» አለው አባቴን፤ ባርባ አጎቴ እንደማለት ነው።

«በእውነት ተነሣ። ምን ፈለግህ?»

«ኧረ ምንም! እንዲያው እንኳን አደረሰዎ ልል ነው።» ተቀመጠ፣ ቀዳ፣ ጠጣ። «ኔሆሪዎች አንድ አጥቂ አላቸው፣ ሉካስ የሚባል። ሲሮጥ አይያዝም፣ ሲዘል አይደረስበትም። እና እርስዎ በዚያን ቀን መጥተው ክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጁን ደህና አድርገው ቢያዩልን ብዬ ነው።»

«ማየት ብቻ?»

«እንግዲህ... ቢያደንቁትም አይከፋም።»

አባቴ ማሽከርከሩን አቆመ። «ልጁ እናት አለችው?»

«ትኖረዋለች።»

«ምን አደረገችኝ?»

ትሪፎናስ እንደገና ቀዳ። ኢዮርዳኒስ ጣልቃ ገባ። «ባርባ ፖሊዞይስ፣ እኔ በሳይንስ ነው የማምነው፣ ይህ የአሮጊት ወሬ ነው። ግን የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢያዩት ለታክቲካችን ይመች ነበር።»

«የሰው ልጅ አላይም» አለ አባቴ። «ተነሡና ብሉ፣ ወይም ተነሡና ሂዱ።»

ትሪፎናስ ጺፑሮው አናቱ ላይ ወጥቷል። «ለክለቡ ባያስቡ ለልጅዎ አያስቡም? የገዛ ልጅዎን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩ!»

አባቴ መነጽሩን በጣቱ ከፍ አደረገና «እኔ ለልጄ ሳስብ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት» አለ። ጠቦቱን ማሽከርከር ቀጠለ፣ አንደኛው ጎኑ ግን ከስሏል።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ እናቴን ያዝኳት። «ምን ማለቱ ነው?»

ቀይ እንቁላሎቹን በሳህን ስትደረድር ቀና ብላ አየችኝ። «አርጊሪስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን መስሎህ ኖርክ?»

«ኳስ የማይወድ መስሎኝ።»

«አንተ ጅል! ሰባት ዓመትህ ነበር፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ትጫወታላችሁ። አባትህ ከብርቱካኑ ሥር ቆሞ ያያል። አንዱን አለፍክ፣ ሁለተኛውን አለፍክ። ‹ልጄን እዩት! እዩልኝ ልጄን!› ብሎ ጮኸ፣ ዓይን እንዳይወጋህ እንትፍ እንኳ ሳይል። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ እግርህ ቀጭ አለ።»

«እማዬ፣ ያኔ እኮ ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው።»

«ድንጋዩን ማን አመጣው?»

ይህን የሚመልስ ሰው ካለ ይምጣ። እግሬ ከተሰበረ በኋላ አባቴ እመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክኮ «እግሩን አድኚልኝ እንጂ ሁለተኛ ሲጫወት አላየውም» ብሎ ተሳለ አለችኝ። እግሬ ዳነ። እሱም ቃሉን ጠበቀ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ቢነገርህ ‹አባዬ ና እየኝ› ትለዋለህ፣ እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም። እንደምታየው ከሩቅ እየሰደበ ነው የጠበቀህ።»

ኤፕሪል 28

አባቴ ብርቱካን አይሸጥም።

ሜይ 3

ብርቱካኑ ሥር ሄድኩ። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ የደረቀ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። እንደመጣሁ ሲያውቅ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። ከፋሲካ በፊት ቢሆን ኖሮ እናደድ ነበር፣ ዛሬ ግን መሰላሉን ደግፌ ያዝኩለት።

«እሑድ ሳምንት የመጨረሻዬ ነው» አልኩት።

«እንኳን ተገላገልክ። ሯጭ አልነበርክም።»

«እንድትመጣ ነው።»

«ሥራ አለብኝ።»

«አምቡላንስ መውጫ ላይ?»

መጋዙ ቆመ። «ፋኒስ ወሬኛ ነው» አለ።

«አባዬ፣ ሉካስን ተወው። እኔን ና እየኝ።»

«ተስያለሁ።»

«የተሳልከው ለልጅ እግር ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ ላይ ዓይን የሚበላው ምን ቀረ? አጥንት ነው የቀረኝ!»

ከመሰላሉ ወረደ። መሬት መሬት እያየ መጋዙን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ጠረገ። «ቄሱን ልጠይቅ» አለኝ። ልጅ ሳለሁ «እናትህን ልጠይቅ» ሲለኝ እሺ ማለቱ ነበር።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ቄሱ እግሬን አይተው «ይህ የልጅ እግር አይደለም» ብለው ስለቱን ፈቱት። ቅር ልሰኝ ወይስ ደስ ይበለኝ?

እቅዱ ይኸው ነው። አባቴ ሁለት መነጽር ደርቦ ያደርጋል፣ ኪሱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይይዛል፣ አፉን አይከፍትም። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ እሱ እኔን ባየ ቁጥር በእሱ ፋንታ እንትፍ እንትፍ ትላለች። ዘጠና ደቂቃ።

«ምራቅሽ ይበቃል ወይ?» አለች ዳፍኒ።

«እኔ አማትሽ ነኝ» አለቻት እናቴ።

ዘይቱ ዛሬም ሰመጠ።

ሜይ 12፣ ሆስፒታል

እጄ ደህና ነው፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ወደ ሜዳ ስገባ ቀና ብዬ ክብር ወንበሩን አየሁ። ተቀምጧል። የሠርጉን ኮት ለብሷል፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቧል፣ ባርኔጣው ቅንድቡ ላይ ደርሷል። እናቴ አጠገቡ፣ ከፊቷ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ደግሞ ጃንጥላ ዘርግተዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ፤ ስንት ሺህ ሰው ፊት ተጫውቼ እንዲያ አድርጌ አላውቅም።

ሉካስ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባብን። ልጁ በእውነት ይሮጣል። ትሪፎናስ ከወንበሩ ተነሥቶ «ባርባ ፖሊዞይስ፣ እሱን! እሱን ይዩ!» እያለ ይለምናል። ኢዮርዳኒስ እንኳ በጣቱ ሲጠቁም አይቼዋለሁ። አባቴ ወይ ንቅንቅ። የሚያየው እኔን ነው፣ እናቴም ያለማቋረጥ ትተፋለች።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከሉካስ እግር ኳሷን ነጠቅሁ። እንዴት እንደነጠቅሁ እንጃ። ማቀበል ነበረብኝ፣ ሁልጊዜም የማደርገው እሱን ነው፣ ኑሮዬ ማቀበል ነው። ግን ከፊቴ ሜዳው ባዶ ሆነ፣ ሮጥኩ። አንዱን አለፍኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ሁለት ሰው ተከታትዬ ያለፍኩት በሰባት ዓመቴ ነው፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ። ከሳጥኑ ውጪ መታኋት። መረቡ ጥግ ሲነፋ አየሁ።

እና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንድ ድምፅ ብቻ ለይቼ ሰማሁ።

«ልጄን እዩት! እዩልኝ ልጄን!»

ዞርኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ቆሟል፣ ሁለቱም መነጽሮቹ የሉም፣ ባርኔጣው አየር ላይ ነው፣ ሰማያዊ ዓይኖቹ እኔ ላይ ተተክለዋል። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እጄን ላውለበልብለት አነሣሁ፣ ከተረከዜ በላይ ቀጭ ሲል ተሰማኝና ተዘረርኩ።

እናቴ ምራቋ ደርቆ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ ነበር።

አባቴ አጥሩን ዘሎ ገባ፣ በሰባ ዓመቱ። ትሪፎናስ በደስታ ይጨፍራል፣ አባቴ ኮሌታውን ይዞ ያንዘፈዝፈዋል። «አልኳችሁ እኮ! አልመጣም አልኳችሁ እኮ!» ከዚያ ቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከ፣ እንባው በሸበተ ጺሙ ይወርዳል። «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ» አለ። እኔ ስቄ ስቄ ቃሬዛውን የያዙት ልጆች ሊጥሉኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ለራሴ ደብተር እንኳ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ?

አምቡላንሱ አልወጣም። መውጫው ላይ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ቆማለች። ፋኒስ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ስንት ጊዜ!» ይላል። ሌላ መላ ስላልነበረ በብርቱካኑ ላይ ጫኑኝ። እናቴ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ዘገየሽ እማዬ» አልኳት።

«አሁን ጠጥቻለሁ» አለችና ሆስፒታሉ በር ድረስ ስትተፋብኝ ሄደች።

የጨዋታውን መጨረሻ የሰማነው በመንገድ ላይ በኋላ መስኮቱ በኩል፣ በዚያችው ሬዲዮ ነው። አንድ ለአንድ። ተርፈናል። አባቴ ክላክሱን ይዞት ቀረ፣ እስክንደርስ አለቀቀውም።

ሜይ 14

ሐኪሙ መጣ። የተረከዝ ጅማቴ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ወንበር ስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዚህ ዕድሜ ከእንግዲህ ኳስ...» ብሎ ሊያጽናናኝ ሲጀምር ዳፍኒ «አይድከሙ ዶክተር፣ ከእሑድ ጀምሮ ይስቃል» አለችው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ብርቱካን ይዞ መጣ። ወንበሩን ወስዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ዙር እንጂ። ምን ቀረኝ?»

«ሌላ እግር አለህ» አለኝ።

ብርቱካኑን ይልጥ ጀመር። እሱ ሲልጥ ልጣጩ አይበጠስም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ እሱን ለማየት ሥሩ እቀመጥ ነበር።

«ግቧን አየሃት?» አልኩት።

«አየኋት።»

«እንዴት ነበረች?»

እጁ ቆመ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። «በሕይወቴ» አለ ለግድግዳው፣ «እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ግብ አይቼ አላውቅም።»

ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ብርቱካኑን ሰጠኝ፣ ሙሉውን።

«አመሰግናለሁ አባዬ» አልኩት።